ወደ ታች የተመራው ማመልከቻ

ካዛንቺስ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አንዲት አሮጌ ታይፕ ስትንጫጫ ትውላለች። ከታይፗ ጀርባ ጋሽ ወልደአማኑኤል ኮት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳርፈው ይቀመጣሉ። የመታወቂያ፣ የውሃ፣ የአጥር ክርክር፣ የፍቺ፤ ምን የማይጽፉት ማመልከቻ አለ? የሰፈሩ ሰው የሚያከብራቸው ግን በአማርኛቸው አይደለም። አማርኛማ ማን ያጣል! የሚያከብራቸው በእንግሊዝኛቸው ነው። ከጀርባቸው «ጋሽ ዲክሽነሪ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ሲሰሙት እንዳልሰሙ ሆነው ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ።

እንግሊዝኛውን ያመጡት ከመሥሪያ ቤት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ከውጭ አገር ደብዳቤ ሲመጣ ቁጥር ሰጥተው፣ ፋይል ውስጥ ከተው፣ አለቃ ወደመራበት ክፍል የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን «አላውቅም» ብለው አያውቁም። ሰው ቃል ሲጠይቃቸው ትንሽ ያስባሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። በቃ፣ አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ ከባለቤታቸው ከእትዬ ወርቅዬ በቀር የሚያውቀው የለም። ያ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከታይፗ አጠገብ የሚቀመጠው ወፍራም ዲክሽነሪ ሙሉ አይደለም። ከ«ኤስ» በኋላ የለም። ከዚህ ታሪክ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ለፋሲካ የተገዛ በግ ገመዱን በጥሶ ቤት ገባና፣ ከመጨረሻው ገጽ ተነስቶ ወደ ኋላ እያመነዠከ፣ ሰው ሲደርስበት ከ«ዜድ» እስከ «ቲ» ጨርሶታል። ጋሽ ወልደአማኑኤል ያን ቀን ማልቀስ ነው የቀራቸው። እትዬ ወርቅዬ ግን «ምን ያንገበግብሃል? ነገ በጉን እንበላው የለ፤ ቃሉም አብሮ ይገባል» አሉ። በጉ ተበላ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ወልደአማኑኤል ከ«ቲ» ጀምሮ ያለውን እንግሊዝኛ የሚተረጉሙት ከሆዳቸው ነው።

ታዲያ በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ውስጥ፣ ሜቲ አንድ ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

ሜቲ የጎረቤት ልጅ ናት፤ እሳቸው ግቢ ውስጥ፣ ዓይናቸው እያየ ነው ያደገችው። አስራ ሁለተኛን ከጨረሰች ሦስት ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጋሽ ወልደአማኑኤል አስራ አንድ የሥራ ማመልከቻ በነጻ ታይፕ አድርገውላታል፤ ለአስራ አንዱም መልስ የሰጠ የለም። እናቷ ቢቸግራቸው ደላላ ዘንድ ሄዱ። ፓስፖርቷ ወጥቷል። እስከ ፋሲካ ሥራ ካላገኘች ቤይሩት ሄዳ ሰው ቤት ልትሠራ ነው። ጋሽ ወልደአማኑኤል ልጅ የላቸውም፤ ይህቺ ቤይሩት የምትባል ከተማ በተነሳች ቁጥር ምሳቸው አይወርድላቸውም። አስራ ሁለተኛውን ማመልከቻ የጻፉት እዚያው ካዛንቺስ አዲስ ለተከፈተው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሆቴል ነበር።

«ጋሼ፣ መለሱልኝ!» አለች ሜቲ እያለከለከች።

«ምን አሉ?»

«እሱን እኮ ነው ያጣሁት። ማለቴ፣ ቃል በቃል አነበብኩት። ተርን አውቃለሁ፣ ዳውንም አውቃለሁ፤ አብረው ምን እንደሚሠሩ ነው ያልገባኝ።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ደብዳቤውን ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ ወረፋ የሚጠብቀውም ሰው ይስማ እንጂ። «ዊ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ ዛት ዩር አፕሊኬሽን ሃዝ ቢን ተርንድ ዳውን ባይ ዘ ማኔጅመንት።» ከዚያ ቃላቱን በልባቸው መዘኑ። ሪግሬት ደህና ነው፤ «አር» ናት፣ በጉ ያልደረሰባት። ተርን ግን «ቲ» ናት።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አሉ።

«እውነትዎን ነው?! ግን እኮ ጋሼ፣ ሪግሬት እናዝናለን አይደል? ምን ሆነው አዘኑ?»

«ወግ ነው ልጄ። ፈረንጅ ደብዳቤ ሲጽፍ ሳያዝን አይጀምርም። ሃያ ስምንት ዓመት ደብዳቤያቸውን ሳገላብጥ ያላዘነ አላጋጠመኝም። ዋናው እዚህ ጋ ነው። ተርን፣ አዞረ፣ መራ። ዳውን፣ ወደ ታች። ማኔጅመንቱ ማመልከቻሽን አየና ወደ ታች መራው!»

«ወደ ታች የተመራ ጥሩ ነው?»

«ምን ትላለች ይህቺ! ወደ ላይ የተመራ ነው እንጂ የሚያስፈራው። አለቃ ወረቀት አይቶ ወደ ታች ከመራ እኮ ፈጽሙላት ማለቱ ነው። ያለቀ ጉዳይ ነው። አሁን አንቺ የሚቀርሽ መከታተል ነው፤ ያልተከታተሉት ፋይል ይተኛል። በሩ ላይ እንዳትለማመጪ። ቀጥ ብለሽ ‹ጉዳዬ ወደ ታች ተመርቷል› በያቸው።»

ሜቲ ጉንጫቸውን ስማ በረረች። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጋሽ ወልደአማኑኤልም ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ እግሯ መሬት አልነካም። «ጋሼ! ሰው ማለት እርስዎ! ዘበኛው ‹ወዴት ነሽ?› አለኝ። ‹ጉዳዬ ወደ ታች ተመርቷል› ስለው ‹ታች ከሆነማ ምድር ቤት ነዋ፣ በጓሮ ዙሪ› ብሎ አስገባኝ። ስወርድ የአልጋ ክፍሎቹ አለቃ፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ የሚባሉ፣ አንሶላ ያስቆጥራሉ። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። አዩት፣ አዩትና ‹ተርን ዳውን! ኧረ ጎበዝ፣ ተርን ዳውን ሰጡን!› ብለው ሳሙኝ!»

«ሳሙሽ?»

«ሁለቴ! ‹ስድስት ወር ሙሉ ሰው ስጡኝ እያልኩ ስጮህ ዛሬ ገና ሰሙኝ› አሉ። ነገ ሥራ ጀምሪ ተብያለሁ!»

ግቢው በእልልታ ቀለጠ። የሜቲ እናት ጋሽ ወልደአማኑኤል እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ በግድ ተያዙ። «እኔ ምን አደረግኩ፣ ያለውን ነው ያነበብኩት» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል፤ ልባቸው ግን ጮቤ ረገጠች።

እስከ እሑድ እንዲህ ባለ ደስታ ከረሙ። እሑድ ሜቲ ፈቃድ ወጥታ እነ ጋሽ ወልደአማኑኤል ቤት ሻይ ስትጠጣ እትዬ ወርቅዬ ስለ ሥራዋ ጠየቋት።

«የጠዋቶቹ አልጋ ያነጥፋሉ» አለች ሜቲ። «እኔ ደግሞ አመሻሽ ላይ እየዞርኩ የተነጠፈውን እገልጣለሁ።»

«ትገልጫለሽ? ምን ሲደረግ?»

«በቃ፣ የብርድ ልብሱን ጥግ አጠፍ አድርጌ፣ ትራሱ ላይ ቸኮላት አስቀምጬ እወጣለሁ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ እትዬ ወርቅዬ። «ፈረንጅ ብርድ ልብሱን መግለጥ አቅቶት ሰው ይቀጥራል? እና ይኼ ሥራ ስም አለው?»

«አዎ። ተርን ዳውን ነው የሚባለው።»

ጋሽ ወልደአማኑኤልን ሻዩ ትን አላቸው። እትዬ ወርቅዬ ጀርባቸውን እየመቱ «ቀስ በል እንጂ» ይላሉ፤ እሳቸው ግን የሚያስሉት ሻዩን አልነበረም። ተርን ዳውን አልጋ መግለጥ ከሆነ ደብዳቤው ላይ ያለው ምንድን ነው? ማመልከቻ እንዴት ይገለጣል? አንሶላ ነው?

ሰኞ ጠዋት «ራስ ምታት ይዞኛል» ብለው ታይፗን ቆለፉና ታክሲ ተሳፍረው ለገሃር ወረዱ። እዚያ አጥር ተደግፎ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሳላሀዲን የሚባል ሰው አለ። ዲክሽነሪ አነሱ። ሽፋኑን እንደሚመረምር ሰው አገላበጡት፣ ዋጋም ጠየቁ፤ አውራ ጣታቸው ግን በቀጥታ «ቲ» ላይ ነበረች። ተርን። ተርን ዳውን። ትርጉሙ ሁለት ቃል ነው፦ ሪጀክት፣ ሪፊዩዝ።

ሁለቱም በ«አር» የሚጀምሩ፣ ሁለቱም በጉ ያልነካቸው፣ ሁለቱንም በእንቅልፍ ልባቸው የሚያውቋቸው ቃላት ናቸው። አልፈልግም ማለት፤ ውድቅ ማድረግ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ክው አሉ።

«አባባ፣ ይወስዱታል?» አላቸው ሳላሀዲን።

«የለም፣ እኔ ዘንድ አለ» አሉና ላባቸውን እየጠረጉ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አትጠይቁኝ። እንጀራው አይወርድ፣ እንቅልፉ አይመጣ። ልንገራት? ብነግራት ሥራውን ትታ ትወጣለች፣ ደላላው ቤይሩት ይልካታል። ዝም ልበል? ሆቴሉ የነቃ ቀን ደግሞ አታላይ ይሏታል፣ ያኔ ያነበበው ማነው ይባላል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሐሳባቸውን ያቆሙታል፤ እውነቱን ለመናገር የፈሩት ለሜቲ ብቻ አልነበረም። ካዛንቺስ በሙሉ በጋሽ ዲክሽነሪ ሲስቅ ይታያቸዋል።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ሜቲ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። «ጋሼ፣ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ውስጥ የለሽም ተባልኩ። የሰው ኃይል ክፍሉ ነገ ደብዳቤሽንና ዋስሽን ይዘሽ ቅረቢ ብሎኛል። ዋስ ይሁኑኝ።»

«እሺ ልጄ» አሉ።

የሰው ኃይል ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኃላፊው ኢተፋ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ፀጉሩን በልክ የተቆረጠ ልጅ። ክራቫቱ ከጋሽ ወልደአማኑኤል ክራቫት በላይ ቀጥ ብላ ታስራለች። ወይዘሮ ሀብትነሽም ከምድር ቤት ተጠርተው መጥተዋል፤ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ኢተፋ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«ይህ የኔ ፊርማ ነው» አለ። «ሥራ አልሰጠንሽም ነው የሚለው። አንቺ ደግሞ ይህንኑ ይዘሽ ሥራ ገባሽ። ሃያ ሁለት ቀን ሠራሽ! እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ።»

«እንዴት አልሰጠንሽም ይላል?» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ። «አንብበው እንጂ! ተርን ዳውን ይላል!»

«ተርንድ ዳውን ነው ወይዘሮ ሀብትነሽ። ውድቅ ተደርጓል ማለት ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ሃያ ዓመት ሆቴል ሠርቻለሁ። ተርን ዳውን አልጋ መግለጥ ነው!»

«አልጋ ላይ ሲሆን!»

«ታዲያ እኔ የምሠራው ምን ላይ ነው? ጣራ ላይ?»

ኢተፋ ግንባሩን አሻሸ። ከዚያ ወደ ሜቲ ዞረ። «እሳቸውስ ይሁን፤ የሥራ ልማድ ነው። አንቺ ግን አስራ ሁለተኛ የጨረስሽ ልጅ ነሽ። አውቀሽ ነው ያታለልሽን? ወይስ ያነበበልሽ ሰው አለ?»

ሜቲ ጋሽ ወልደአማኑኤልን ቀና ብላ አላየቻቸውም። ወለል ወለሉን እያየች «ራሴ ነኝ ያነበብኩት» አለች። «ራሴ ነኝ የተሳሳትኩት። ማንም የለበትም።»

«እንግዲያው ስህተትም ይሁን ማታለል፣ ዛሬውኑ ትለቂያለሽ» አለ ኢተፋ።

ያኔ ነው ጋሽ ወልደአማኑኤል የገባቸው። ልጅቷ ታውቃለች። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ እግዜር ይወቅ እንጂ ታውቃለች፤ እንጀራዋ እየሄደ የምትደብቀው የእሳቸውን ስም ነው። ዝም ቢሉ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ፣ ስማቸውን እንደያዙ ወደ ታይፗቸው ይመለሳሉ። አንጀታቸውን በላችው። ብድግ አሉ።

«ውሸቷን ነው ልጄ» አሉ። «ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ቃሉን አላውቀውም ነበር።»

በስድሳ አራት ዓመት ዕድሜያቸው ከአፋቸው ያልወጣች ቃል አንዴ ከወጣች በኋላ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። «አላውቀውም ነበር፣ አላውቅም ማለትም አልችልም ነበር። ዲክሽነሪዬ ከ‹ኤስ› በኋላ የለም። በግ በልቶታል።»

«በግ?» አለ ኢተፋ።

«የፋሲካ በግ። ከ‹ዜድ› እስከ ‹ቲ›።»

«ከዚያስ በጉ ምን ሆነ?» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ ሳቃቸው እያፈናቸው።

«በላነዋ!»

ኢተፋ ፊቱን በፋይል ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ወይዘሮ ሀብትነሽ እንባቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ግን አልሳቁም። «መዝገብ ቤት እያለሁ» አሉ፣ «አለቃ ወረቀት አይቶ ወደ ታች ከመራው ያ ጉዳይ አለቀ ነበር። ተርን መምራት፣ ዳውን ወደ ታች ብዬ ነው ያነበብኩላት። ካጠፋሁ እኔን ቅጡኝ። እሷን ግን አታስወጧት፤ ቤይሩት ልትሄድብኝ ነው።» ሜቲ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ስማኝ ኢተፋ» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ አሁን ሳቁን ትተው። «ስድስት ወር ሰው አጣሁ ብዬ ጻፍኩልህ፣ መልስ አልሰጠኸኝም። ይህቺን ልጅ ካስወጣህ ዛሬ ማታ መቶ አስራ ሁለቱን ክፍል አንተ ራስህ ዞረህ ትገልጣለህ። ቸኮላቱን እኔ አቀብልሃለሁ።»

ኢተፋ ሜቲን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ፤ ጋሽ ወልደአማኑኤል ራሳቸው ታይፕ ያደረጉት አስራ ሁለተኛው ማመልከቻ ነው። ኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍ ጻፍ አደረገ፣ ፈረመ፣ ማህተም መታና ለወይዘሮ ሀብትነሽ ሰጣቸው። ጋሽ ወልደአማኑኤል አንገታቸውን አስግገው አነበቡት። በአማርኛ ነው፦ «ለወ/ሮ ሀብትነሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ በቋሚነት ትሥራ።» ከሦስተኛ ፎቅ ለምድር ቤት።

«ይኸው!» ብለው ጮኹ። «ወደ ታች ተመራ!»

«አዎ ጋሼ፣ አሁን ተመራ» አለ ኢተፋ። «በሉ ይህን የዋስ ፎርም ታች ወርዳችሁ ሙሉና አምጡልኝ።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ ቀድመው ወረዱ። ጋሽ ወልደአማኑኤልና ሜቲ ደረጃውን ቀስ እያሉ ተከተሏቸው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል።

«ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን። የስልክ ክፍሏ ልጅ ነገረችኝ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነዋ!» አለች ሜቲ። «እርስዎስ መቼ አወቁ?»

«በሳምንቱ። ለገሃር ሄጄ።»

«እና ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳትደነግጪብኝ ብዬ ነዋ!»

ተያዩ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ጋሽ ወልደአማኑኤል ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንሶላ ተሸክማ የምትወጣ ሴት በላያቸው ተሻግራ አለፈች።

ምድር ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ሀብትነሽ የታጠፈ ፎጣ ገፋ አድርገው ቦታ ሰጧቸው። ጋሽ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን ጠርገው፣ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ፎርሙን ጀመሩ። እንግሊዝኛ ነው። «አይ፣ ዘ አንደርሳይንድ...» ብለው ቆሙ።

«ምነው ጋሼ?» አለች ሜቲ።

«‹ዩ› ናት» አሉ።

ሜቲ አጎንብሳ አየችው። «አንደር አውቃለሁ፣ ሳይንም አውቃለሁ፤ አብረው ምን እንደሚሠሩ ነው...» ብላ እሷም ቆመች።

«እኔ ልንገራችሁ» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ። «አንደር ከአልጋ ሥር ነው። ከአልጋ ሥር የጠረገ ሰው ይፈርም ማለት ነው።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ትንሽ አሰቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትርጉሙ ተሰካክቶ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ሜቲ አፋቸውን እያየች ትጠብቃለች።

እስክሪብቶውን ከደኑ። ፎርሙን አንስተው ወደ ደረጃው ዞሩ።

«ወዴት ነው ጋሼ? አሁን ወርደው?» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

«ልጠይቅ» አሉ።

«ሊፍት አለ እኮ!» ብላ ሜቲ ከኋላቸው ጮኸች፤ እሳቸው ግን አልሰሟትም። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ክራቫታቸው ወደ ጎን ዞራለች፤ አላስተካከሏትም። በሩን አንኳኩተው ራሳቸውን አስገቡ።

«ልጄ» አሉ፣ «አንዲት የማላውቃት ቃል አጋጥማኝ ነው።»